እኔም ለፋሁ፣ ቆዳውም ለፋ

ልብስ ላደርገው የጀመርኩትን የመጀመሪያውን የአጋዘን ቆዳ ያበላሸው እንቅልፍ ነው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ከቀትር ጀምሮ ስጎትተው፣ ሳሸው፣ በእግሬ ረግጬ በእጄ ስስበው ቆይቻለሁ። ክንዴ ዝሏል። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። ቆዳው ግን ደስ ይላል፤ ነጣ ብሏል፣ እንደ ወፍራም ፎጣ እጥፍ ዘርጋ ይላል። «በቃ፣ አለቀ» አልኩና ወንበር ላይ ጣል አድርጌው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ወንበሩን እንዳቀፈ ደርቋል። መደገፊያው ላይ ተጣጥፎ፣ የወንበሩን ቅርጽ ይዞ፣ መሀሉ ጣውላ ሆኖ። በጣቴ ሳንኳኳው «ኳ ኳ» ይላል። ባለቤቴ አየችውና «ወንበሩን አለበስከው እንዴ?» አለችኝ።

ያን ዕለት መሳቅ አልቻልኩም።

አንድ የማውቀው ቃል በቅጡ የገባኝ ግን ያን ጠዋት ነው። ጥሬ ቆዳን ለልብስ እንዲሆን አድርጎ ማለስለስ «ማልፋት» ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ቆዳው «ለፋ» ይባላል። ሲደክምበት የዋለ ሰውም «ለፋ» ይባላል። ግሱ አንድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም ስሰማ ኖሬ አንዴም አላገናኘኋቸውም። ቃሉን እንዲህ የተጠቀመበት የመጀመሪያው ሰው ቆዳ ሲያሽ ያደረ ሰው መሆን አለበት። እኔ ለፍቼ ነበር፤ ቆዳው ግን አልለፋም። ልፋታችን እኩል አላለቀም ማለት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ እንስሳው ልናገር። በአማርኛ አጋዘን የምንለው ከአንድ በላይ እንስሳ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ቀንድ ስለሚያበቅለው ነው። ቀንዱ ጠንካራ አጥንት ነው፣ በየዓመቱ ይወድቅና አዲስ ይተካል። አንድ ወዳጄ በፈቃድ፣ በወቅቱ ያድነዋል። ሥጋውን ይወስዳል፣ ቆዳውን ይጥላል። «እስቲ አንዱን ለእኔ አምጣልኝ» አልኩት።

«ምን ልታደርገው?»

«ልብስ።»

ሳቀ። ግን አመጣልኝ፤ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ከነጠጉሩ፣ ከነሞራው፣ ገና እርጥብ።

ፌስታሉን ስፈታ መጀመሪያ ያየሁት የቢላ ጭረት ነው። በጠጉሩ ወገን ምንም አይታይም። በሥጋው ወገን ግን ቢላው የነካበት ቦታ ሁሉ ተሰንጥቋል። እያንዳንዱ ጭረት በኋላ ሲወጠር ቀዳዳ ይሆናል። አሁን ወዳጄን «ቢላውን ለመጀመሪያው ቅድ ብቻ ተጠቀምበት፣ ከዚያ በኋላ በቡጢህ እየገፋህ ግፈፈው» ብዬ አስለምጄዋለሁ። የአጋዘን ቆዳ ከሥጋው በቀላሉ ይላቀቃል። በቡጢ የተገፈፈ ቆዳና በቢላ የተገፈፈ ቆዳ ስትሰፋው ልዩነቱ ይታወቅሃል።

ቆዳ እንደ ሥጋ ይበላሻል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ ሥራውን ይጀምራል፣ የጠጉሩ ሥር ይላላል፣ ሽታውም ይቀየራል። ዛሬ የማትሠራው ከሆነ ወይ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው፣ ወይ የሥጋውን ወገን በጨው ሸፍነው። ጨው ስትቆጥብ ቆዳውን ታጣለህ። ይኸው ነው።

ቀጥሎ መፋቅ ነው። የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው። ላዩ ለስልሶ የተጠረበ ግንድ፣ አንድ ጫፉ መሬት ላይ፣ ሌላው ሆድህ ጋ። ባለ ሁለት እጀታ ብረት። የእኔ ከአሮጌ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ብረቱ የተሳለ መሆን የለበትም፤ ስለቱ ደነዝ ሆኖ ጠርዙ ግን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቆዳውን ግንዱ ላይ ትዘረጋለህ፣ በሆድህና በግንዱ መሀል ትይዘዋለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት መግፋት ነው። ሥጋው፣ ሞራው፣ ስሱ ገለፈት እየተንከባለለ ይወርዳል። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንተ አይሰማህም። ቤት ስትገባ ግን ሌሎች ይነግሩሃል።

ከዚያ ቆዳው አመድ ውስጥ ይገባል። ይህን ክፍል ስጀምር በንቀት ነበር የማየው። አመድ ምን ይሠራል? ለካ ሥራውን ግማሽ የሚሠራው እሱ ነው።

ቆዳ ማለት በዋናነት ኮላጅን ነው፤ እንደ ክር የተወሳሰበ ፕሮቲን። ክሮቹ መሀል ግን እንደ ንፍጥ ያለ ልጥልጥ ነገር አለ። ቆዳው ሲደርቅ ክሮቹን አጣብቆ ጣውላ ከሚያደርጋቸው አንዱ ይኸው ልጥልጥ ነው። የጠንካራ እንጨት አመድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ያደርገዋል። ኖራም እንዲሁ ያደርጋል። አልካሊው ልጥልጡን ያላቅቃል፣ የጠጉሩን ሥር ይለቃል፣ ቆዳውንም ያሳብጠዋል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ስታወጣው ወፍራም ላስቲክ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጠጉሩን ቆንጠር ብታደርገው እጅህ ላይ ይቀራል።

ውሃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚለካበት መንገድ ያስቀኛል። ጥሬ እንቁላል ጣል ታደርግበታለህ። ከሰመጠ ደካማ ነው፣ አመድ ጨምር። ተንሳፍፎ የሳንቲም ያህል አናቱን ብቅ ካደረገ ልክ ነው። ጎኑ ላይ ተጋድሞ ከተንሳፈፈ በዝቷል፣ ውሃ ጨምር። የፒኤች መለኪያ ገዝቼ ነበር። አሁን ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተኝቷል፤ እንቁላሉ ይሻላል።

ግን ቀልድ አይደለም። ይህ ውሃ ዓይን ያጠፋል። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ አትንካው። ልጆች ወይም እንስሳ በሚደርሱበት ቦታ ክፍቱን አትተወው። የአሉሚኒየም ዕቃም አይሆንም፣ ይበላዋል። የፕላስቲክ ባልዲ በቂ ነው።

ካወጣኸው በኋላ እንደገና ወደ ግንዱ። አሁን የሚፋቀው የጠጉሩ ወገን ነው፣ ጠጉሩ ብቻ ግን አይበቃም። ከጠጉሩ ሥር አንድ ጠበቅ ያለ ስስ ሽፋን አለ። የምንጫማው ጫማ ላይ የሚያብለጨልጨው፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚታዩበት ክፍል እሱ ነው። ለጫማ ጥሩ ነው። በእጅ ለሚለፋ የአጋዘን ልብስ ግን መነሣት አለበት። ካልተነሣ የምትቀባው ቅባት አያልፍም፣ ቆዳውም አይላላም። ሲነሣ ሁለቱም ወገን እንደ ከፋይ ይሆናል።

እኔ የሰነፍኩት እዚህ ነው። እግሩ አካባቢ፣ ጠርዙ ላይ፣ «ይቺ ትንሽ ናት» ብዬ ያለፍኳት ሁሉ በኋላ እንደ ጠባሳ ጎልታ ወጣች። እርጥብ ሳለ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ሲደርቅ ግን ያልተፋቀው ቡናማና አብረቅራቂ ሆኖ፣ ጠንክሮ ያጋልጥሃል። አሁን የሚሆነውን ስለማውቅ መስመር በመስመር እሄዳለሁ፤ እያንዳንዱ ግፊት ከፊተኛው ጋር ትንሽ ይደራረባል። ለአንድ ቆዳ ይሄ ብቻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስድብኛል። ፈጣን ሰዎች አሉ። እኔ ከነሱ አይደለሁም።

ማጠቡን በአጭሩ ልለፈው። አመዱ ከውስጡ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን፣ ውሃውን እየቀያየሩ ወይም በሚፈስ ውሃ ውስጥ አስሮ። እብጠቱ ጠፍቶ ልፍስፍስ ሲል ይበቃዋል። ትንሽ ኮምጣጤ የመጨረሻው እጥበት ላይ ጠብ ማድረግ ያፋጥነዋል። ከዚያ የሥጋው ወገን አንዴ ደግሞ ይፋቃል፣ ገለፈት እንዳይቀርበት።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ክፍል ላይ ደረስን። አንጎል።

አዎ፣ በአንጎል ነው። የሰሜን አሜሪካ ቆዳ አልፊዎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፤ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱን ቆዳ ለማልፋት የሚበቃ አንጎል አለው ይላሉ። አንጎል ውስጥ ቅባት አለ፣ ሌሲቲንም አለ። ሌሲቲን ዘይትና ውሃን የሚያስታርቅ ነገር ነው። እርጥብ ቆዳ ላይ ዘይት ብቻ ብትቀባ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሌሲቲን ያለበት ቅባት ግን ከውሃው ጋር አብሮ እስከ ክሮቹ ድረስ ይገባል። የእንቁላል አስኳልም ሌሲቲን አለው። ስለዚህ አንጎል ያላገኘ ወይም የተጸየፈ ሰው ለአንድ ቆዳ ደርዘን ያህል አስኳል ይመታል።

እኔ የአስኳል ሰው ነኝ። ጽድቅ አይደለም፣ ምክንያት አለኝ። አጋዘንን የሚይዝ፣ አንጎሉን እንደ ስፖንጅ የሚበሳሳ በሽታ አለ። መጀመሪያ የታወቀው በ1967 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ነው፤ በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ። መነሻው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፣ በተራ ማፍላት አይሞትም። ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠበት ጊዜ የለም። ቢሆንም የጤና ተቋማት አዳኞችን «አንጎሉንና የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ አትነካኩ» ይላሉ። እኔ ደግሞ በባዶ እጄ ላሸው ነው። አስኳል ይብቃኝ።

ቅባቱ ለብ ያለ ይሁን፣ እጅ የሚችለው። እርጥብ ጥሬ ቆዳ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይጨማደዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ያ ልብስ መሆኑ ቀርቶ ሙጫ መሆን ይጀምራል። ቆዳውን ነክረህ ታሸዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ በአግዳሚ እንጨት ዙሪያ እንደ ገመድ ጠቅልለህ በዱላ ትጠመዝዘዋለህ። ውሃው ይንጠፈጠፋል። ዘርግተህ እንደገና ትነክረዋለህ። ሦስት አራት ጊዜ። ቅባቱ መግባቱን የማውቅባት ዘዴ አለችኝ። ከቆዳው ጥቂቱን አየር ይዤ እንደ ፊኛ አስረዋለሁ፣ ከዚያ ጭምቅ። አየሩ በቆዳው በኩል እየሾለከ ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ገብቷል። አረፋ ያላወጣ ቦታ ካለ ወደ ባልዲው።

ይህን ዘዴ ያሳዩኝ አንድ ሽማግሌ ቆዳ አልፊ ናቸው። ወንበር አቅፎ የደረቀውን ቆዳ ተሸክሜ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። አገላብጠው አዩት፣ ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት፣ መለሱልኝ።

«አባባ፣ ተበላሸ ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ምኑ ተበላሽቶ! ውሃ ውስጥ መልሰው፣ ቀባው፣ ከመጀመሪያው ጀምር። ልጄ፣ አንተ የደከመህን ነው የለካኸው። የሱን እርጥበት አልለካህም።»

ጉንጭ ላይ ማስጠጋቱም ከሳቸው ነው። እርጥበት ሲተን ያቀዘቅዛል። እጅህ ሲሠራ ስለቆየ ቅዝቃዜውን አይለይም፣ ጉንጭህ ግን ይለያል። ቆዳው ለእጅህ ደረቅ፣ ለጉንጭህ ቀዝቃዛ ከሆነ ገና ነው። ያን ሌሊት ጉንጬን ብጠይቀው ኖሮ አልተኛም ነበር።

ማለስለሱ እንዲህ ነው። ቆዳው እርጥብ ነው። ክሮቹ መሀል ውሃ አለ። ውሃው ሲወጣ ክሮቹ አርፈው ከተቀመጡ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የተጣበቀው ቁርበት ይሆናል፤ ደረቅ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ብርሃን ሊያሳልፍ የሚቃጣው። ውሃው በሚወጣበት ሰዓት ሁሉ ክሮቹ ከተንቀሳቀሱ ግን ሊጣበቁ ጊዜ አያገኙም። ቅባቱ ይከልላቸዋል፣ በመሀላቸው አየር ይገባል። ቆዳው ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አየሩ ብርሃኑን ይበትነዋል። እና ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ከመድረቅ እስከ መጨረሻ መድረቅ ድረስ አለማሳረፍ።

ዳር ዳሩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ስለዚህ ከዳር ትጀምራለህ። ሆዱ ስስ ነው፣ ቶሎ ይለጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል። አንገቱና የጀርባው መስመር ወፍራም ናቸው፣ እነሱ ያመሻሉ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጫፉን በእግሬ ረግጬ ሌላውን ጫፍ እስባለሁ። ከዚያ አዙሬ እስባለሁ። ሲሰለቸኝ ከምሰሶ ላይ ባሰርኩት ወፍራም ገመድ ላይ ወዲያ ወዲህ እፈትገዋለሁ። ፍትጊያው ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል፣ ላዩንም ያጎፍረዋል። ነፋስና ፀሐይ ካለ አራት ሰዓት። ዝናባማ ቀን ከሆነ ስምንት፣ ከዚያም በላይ። በዝናብ ቀን አልጀምርም አሁን።

ብቻህን ከሆንክ ደግሞ ሽንት ቤት መሄድ ራሱ እቅድ ይጠይቃል። እየቀለድኩ አይደለም። ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ነው የምትሄደው።

ሁለተኛው ቆዳ ላይ ባለቤቴ ገባችልኝ። መጀመሪያ ልታየኝ ነበር የመጣችው። ትንሽ ቆይታ «ስጠኝ እስቲ» አለች፣ አንዱን ጫፍ ይዛ ተደገፈች። ሁለት ሰው ሲሆን ሥራው ሌላ ነው። እሷ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ኋላ፤ ከዚያ ሩብ ዙር፤ እንደገና። መጋዝ እንደመጎተት። ያወራን ብዙ ነው። ስልክ መያዝ አይቻል፣ ተነስቶ መሄድ አይቻል። ቆዳው ሲደርቅ ወሬያችን አላለቀም ነበር።

በእነዚህ ረጅም ሰዓቶች ሰው ብዙ ያስባል። እኔ የማስበው ይህን ነገር ቀድሞ የሞከረው ማን እንደሆነ ነው። ሞሮኮ ውስጥ አንድ ዋሻ ውስጥ ቆዳ ለመሥራት ያገለገሉ የአጥንት መሣሪያዎች ተገኝተዋል፣ ዕድሜያቸው ከ90,000 እስከ 120,000 ዓመት ይገመታል። ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ኒያንደርታሎች፣ የጠፉት የሰው ዘመዶች፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጎድን አጥንት ቆዳ ማለስለሻ ሠርተው ነበር፤ ጫፉ ድቡልቡል፣ በፍትጊያ ብዛት ያብለጨለጨ። ሥዕሉን ሳየው የገረመኝ የዛሬ ቆዳ ሠሪዎችም ያንኑ ቅርጽ መጠቀማቸው ነው። ቅማል ራሷ ምስክር ሆና ተጠርታለች። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የተለየችበትን ጊዜ በዘረ መል የለኩ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት እስከ 170,000 ዓመት ወደ ኋላ ሄደዋል። ልብስ ሳይኖር የልብስ ቅማል አትኖርማ።

ኦትዚን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው ሰው። 5,300 ዓመት ገደማ። በ2016 ቆዳዎቹ በዘረ መል ሲመረመሩ ኮቱ የፍየልና የበግ፣ ቆቡ የድብ፣ የቀስት ማኅደሩ የአጋዘን ዘር ሆኖ ተገኘ። ኮቱ ከብዙ ቁራጭ የተጣጣፈ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴ ጥፌት አያሳፍረኝም።

ቆዳው ለስልሶ ከደረቀ በኋላ እንኳ ሥራው አላለቀም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። አሁን ነጭና ለስላሳ ነው፣ ዝናብ ቢነካው ግን ወደ ቁርበትነቱ ይመለሳል። በኬሚስት ቋንቋ ገና አልለፋም፤ ቅባት ገባው እንጂ ክሮቹ አልተያያዙም። ፋብሪካዎች ይህን የሚያደርጉት በክሮም ጨው ነው፤ ዘዴውን ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ክናፕ በ1858 ገልጾታል። የዛፍ ልጣጭ የሚጠቀሙም አሉ፣ ወራት ይፈጃል። ቤት ውስጥ ቀላሉ ጭስ ነው።

ቆዳውን ማጠን ልለው እወዳለሁ። ዳሩን ሰፍቼ እንደ ስልቻ አደርገዋለሁ፣ አፉ ላይ የአሮጌ ጂንስ እግር እቀጥልበታለሁ፣ እሳቱ አጠገብ ያለው ጨርቅ እንጂ ቆዳው እንዳይሆን። ከዛፍ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ከሥር ባልዲ ውስጥ ፍም አለ፣ ፍሙ ላይ የበሰበሰ እንጨት፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚሆነው። ነበልባል አይፈለግም። ወፍራም ቀዝቃዛ ጭስ ብቻ። ጭሱ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካልና ዘመዶቹ አሉ፣ እነሱ ክሮቹን እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ከዚያ በኋላ ቢረጥብም ለስላሳ ሆኖ ይደርቃል። ከቤት ውጭ መሆን አለበት፣ ይሄ ጭስ ለሳምባ አይሆንም። ከባልዲው ዓይንን መንቀልም አይቻልም። አንድ ጊዜ ለደቂቃ ዞር አልኩ። እንጨቱ ነበልባል አወጣ፣ የጂንሱ ጫፍ ተለበለበ፣ ቆዳው ላይ የአውራ ጣት ያህል ቀዳዳ ቀረልኝ። አሁን ኪስ ተሰፍቶበታል። ኪሱን የሚያደንቁ አሉ፣ ምክንያቱን አልነግራቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል አንዱ ወገን፣ ተገልብጦ ሌላው። ነጩ መጀመሪያ ቅቤ ይመስላል፣ ከዚያ ማር፣ ከቆየ ቡናማ። እኔ ማሩ ላይ አቆማለሁ። አንድ ሁለት ቀን ተጠቅልሎ ይቀመጥና ይታጠባል።

ስፌቱ ላይ ብዙ አልልም፣ ገና ተማሪ ነኝ። ሁለት ቆዳ አንድ ሰደርያ ወጣው። ሸሚዝ ቢሆን ሦስትና ከዚያ በላይ ይፈልግ ነበር። የጀርባውን መስመር በልብሱ መሀል ቁመቱን አስኬድኩት። ቆዳው ወደ ጎን ነው የሚለጠጠው፣ ስለዚህ ትከሻው ላይ ሰውነት ይከተላል። ቀዳዳውን በወስፌ እከፍትና በሰም የታሸ ክር አሳልፋለሁ። ባለ ሦስት ጠርዝ የቆዳ መርፌም አለ። ጠጉሩን ሳያነሡ መሥራት አይቻልም ወይ የሚሉኝ አሉ። ይቻላል፣ ግን የአጋዘን ጠጉር ውስጡ ክፍት ነው፤ ይሰበራል፣ ይረግፋል። ከነጠጉሩ ልልበሰው ያለ ሰው የሄደበት ሁሉ ጠጉር ያራግፋል።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ላይ፣ የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ በነበረበት መንደር በ1980 ቁፋሮ ሲደረግ የወስፌ እጀታ ተገኝቷል። ከቀንድ የተሠራ፣ ትንሽ፣ በነጥብና በመስመር የተቀረጸ። ሴቶቹ የጨረሱትን ሥራ በመሣሪያቸው ላይ ይቆጥሩ እንደነበር ስለሚታወቅ፣ ነጥቦቹ የባለቤቷ የሥራ መዝገብ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይታሰባል። ይህን ስሰማ ተነስቼ የወስፌዬን እጀታ አየሁት። ፕላስቲክ ነው። ቢሆንም በቢላ ሁለት ነጥብ ጠረብኩበት። ወንበር ያቀፈውን ልቁጠረው አልቁጠረው ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። ሽማግሌው እንዳሉኝ ውሃ ውስጥ መልሼ ጨርሼዋለሁ፤ ስለዚህ ቆጠርኩት። ሰደርያው ላይ የጀርባው ክፍል እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ያዘኝ። መጠለያ አልነበረም። ሰደርያው በሰበሰና ከበደ፣ የጭሱ ሽታ እንደ አዲስ ተነሣ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ሆና «እሳት ውስጥ ነው ወይስ ዝናብ ውስጥ የነበርከው?» አለችኝ። ወንበር ላይ እንዳልጥለው በዓይኗ ነገረችኝ። ዘረጋሁት፣ ሳብ ሳብ አደረግኩት፣ አንጠለጠልኩት። ጠዋት ትከሻው ለስላሳ ነው። ጀርባው ለስላሳ ነው። በግራው ብብት በኩል ግን የመዳፍ ያህል ቦታ ጠንክሯል። ስልቻ አድርጌ ስሰፋው ያ ቦታ ተጣጥፎ ነበር፣ ጭስ አልደረሰውም። ስፌቱን እዚያ ጋ ፈትቼዋለሁ። አስኳሉም ተመትቷል። ፀሐይ ስትወጣ እጀምራለሁ።